መልሱ ‹ሲ› ነው፤ ግን ለምን?

ካራቆሬ ላይ፣ የደሴ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያጠናን ልጅ ስልክ ብትከፍቱ የማታገኙት ነገር የለም። የስንት ዓመት ያለፉ ፈተናዎች፣ የባዮሎጂ ማጠቃለያ፣ በአንድ ገጽ የታጨቁ የፊዚክስ ቀመሮች፣ «ዘንድሮ መውጣታቸው የማይቀር» የተባሉ ጥያቄዎች። ኔትወርክ ሲኖር ከቴሌግራም ይወርዳል፤ ሲጠፋ ከጓደኛ ስልክ ወደ ጓደኛ ስልክ ይተላለፋል። ስለዚህ የሚነበብ ጠፍቶ አይደለም። የጠፋው ሌላ ነው። ከእነዚህ ፋይሎች አብዛኞቹን እስከ መጨረሻው ገጽ ብትሄዱ መልሶቹ እንዲህ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ፦ 15 ኤ፣ 16 ዲ፣ 17 ሲ። 17 ለምን ሲ ሆነ? ቢ ለምን አልሆነም? ጸጥ።

የዛሬው ቅሬታዬ በዚያ ጸጥታ ላይ ነው። በተለይ ሐኪም የመሆን ሐሳብ ላላችሁ።

እኛ አገር ለሕክምና ትምህርት ብቻ ተብሎ ለሁሉም ተማሪ በአገር ደረጃ የሚሰጥ የተለየ ፈተና የለም። የመጀመሪያው በር ያው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል። ግማሹን ካመጣ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ የፍሬሽማን ኮርሶችን ይወስዳል፣ ከዚያ ደግሞ ለሕክምና ይወዳደራል። ከካራቆሬ ወደ ደቡብ ብትሄዱ ደብረ ብርሃን በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለ፤ ወደ ሰሜን ብትሄዱ ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሁለቱም ሐኪም ያሠለጥናሉ። መንገዱ ረጅም አይደለም፤ ጠባቡ በሩ ነው።

ምን ያህል ጠባብ? በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ዓላማው ኩረጃንና የፈተና መሰረቅን ማስቀረት ነበር። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና ቀድሞ ወጥቶ ፈተናው እስከ መሰረዝ መድረሱን ታላላቆቻችሁ አይረሱትም። እናም ኩረጃው ሲነሣ ከሥር የነበረው ታየ።

አሁን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ፤ ሒሳቡ የ9ኛ ክፍል ነው። ጥያቄው አራት ምርጫ ካለው፣ ምንም የማያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቁር በአማካይ 25 በመቶ ያገኛል። የ2015 እና የ2016 ፈተና ብሔራዊ አማካይ ውጤት ከ30 በመቶ በታች ነበር። ሙሉ 30 ነው ብለን እንቁጠርላቸው። አንድ ተማሪ ከመቶው ጥያቄ ‹ቀ› ያህሉን በእርግጥ ያውቃል፣ የቀረውን ይገምታል እንበል። ውጤቱ ‹ቀ› ሲደመር የቀሪው ሩብ ይሆናል። ይህ ድምር 30 እንዲመጣ ‹ቀ› ስንት መሆን አለበት? 6.7 ገደማ። ከመቶ ጥያቄ ሰባት እንኳ አይሞላም! በዚሁ ስሌት 50 ያመጣ ተማሪ በእርግጥ የሚያውቀው ሢሶውን ነው።

ስሌቱ ሻካራ ነው፤ አውቃለሁ። ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ አይገምትም። ሁለት ምርጫ ጥሎ በቀሩት ሁለቱ መካከል ያመነታል፣ ወይም ደግሞ ፈታኙ ሆን ብሎ ባስቀመጠው አሳሳች ምርጫ ይወድቃል። ቢሆንም አቅጣጫውን ያሳያል። ችግሩ «ትንሽ ቢጨምሩ ኖሮ» የሚባል ዓይነት አይደለም።

«ተማሪው ሰነፍ ሆኖ ነው» የሚለውን ፍርድ ቶሎ የሚወረውሩ ሰዎች አሉ። ለይፋት ልጅ ይህን ከመናገር በፊት ሁለት ዓመት መቁጠር ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በካራቆሬ አካባቢ በደረሰው ጥቃት ቤት ተቃጥሏል፣ ሰው ተፈናቅሏል። በ2014 መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ ራሱ በዚሁ መንገድ እስከ ሸዋ ሮቢት ዘልቋል። በዚያን ጊዜ 9ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሳይማረው ያለፈውን ምዕራፍ ማንም ተመልሶ አላስተማረውም፤ ፈተናው ግን ጠየቀው። ጊዜ የተነጠቀ ልጅ ወደ አቋራጭ ቢሄድ አይገርምም። አቋራጩ የት እንደሚያደርስ ግን መጠየቅ አለብን።

እስቲ አንድ የኦአርኤስ ፓኬት እናንሣ። ቆላ ያደገ ሰው ተቅማጥ በሙቀት ወቅት ሕፃንን ምን እንደሚያደርግ አያጣውም፤ ፓኬቱንም ያውቀዋል። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚበጠበጥ 20.5 ግራም ዱቄት ነው፦ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 2.9 ግራም ሶዲየም ሲትሬት። አሁን በፈተና መልክ ልጠይቃችሁ፤ ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ግሉኮሱ የገባው በዋናነት ለምንድን ነው? ኤ፣ ለታማሚው ጉልበት ለመስጠት። ቢ፣ ጣዕሙን ለማሳመር። ሲ፣ ሶዲየም በአንጀት ግድግዳ እንዲገባ ለመርዳት። ዲ፣ ጀርሙን ለመግደል።

ብዙ ሰው ኤ ይላል። አይፈረድበትም፤ «ግሉኮስ የጉልበት ምንጭ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስንቴ አጥንተነዋል። መልሱ ግን ሲ ነው። ለምን? በትንሹ አንጀት ሴሎች ላይ ግሉኮስንና ሶዲየምን አንድ ላይ ይዞ የሚያስገባ ፕሮቲን አለ። አንዱ ከሌለ ሌላውም በዚያ በር አያልፍም። ሮበርት ክሬን የተባለ ሳይንቲስት ይህን ሐሳብ በ1960 እ.ኤ.አ. አቀረበ። ሶዲየምና ግሉኮስ ሲገቡ ውኃም በኦስሞሲስ ይከተላቸዋል። ኮሌራ አንጀትን ውኃ እንዲያፈስ ሲያደርገው እንኳ ይህ በር በአብዛኛው ሥራውን አያቆምም። ለዚህ ነው በ1971 እ.ኤ.አ. ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በተጠለሉበት ካምፕ፣ የደም ሥር ፈሳሽ ሲያልቅበት ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው በውኃ በጥብጦ የብዙ ሰው ሕይወት ማትረፍ የቻለው።

እስካሁን ያለው ባዮሎጂ ነው። ኬሚስትሪው ገና መጣ። የግሉኮስ ሞላር ክብደት 180 ነው፤ 13.5 ለ180 ስታካፍሉ 0.075 ሞል፣ ማለትም 75 ሚሊሞል ይመጣል። የገበታ ጨው 58.5 ነው፤ 2.6 ለ58.5 ሲካፈል 44 ሚሊሞል ያህል ሶዲየም ይሰጣል። ሲትሬቱ ከተሸከመው ውኃ ጋር 294 ነው፤ 2.9 ግራሙ ወደ 10 ሚሊሞል ይጠጋል፣ እያንዳንዱ ደግሞ ሦስት ሶዲየም አለው፤ 30 በሉት። 44 እና 30 ሲደመር 74። ጠጋግተን ስንቆጥረው ሶዲየሙ 75 አካባቢ ይሆናል። አያችሁት? 75 በ75! በፓኬቱ ላይ በግራም ሲጻፍ ምንም የማይመሳሰሉት ቁጥሮች በሞል ሲቆጠሩ እኩል ሆነው ቁጭ አሉ። ሞል የሚባለው ነገር ለምን እንደተፈጠረ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሞልን ስንማር ግን የምንቆጥረው፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ማንም አይቶት የማያውቀውን በጠርሙስ ያለ ኬሚካል ነው።

በዚሁ ክሎራይዱን 65፣ ፖታሲየሙን 20፣ ሲትሬቱን 10 ጨምሩበት፤ ድምሩ 245 ይመጣል። የደማችን መጠን 290 ገደማ ነው። የተበጠበጠው ፈሳሽ ከደም የቀጠነ ስለሆነ ውኃው ወደ ሰውነት ያደላል። የቀድሞው ቀመር 311 ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2002 እ.ኤ.አ. ወደ 245 ዝቅ አደረጉት፤ ምክንያቱም ቀጠን ያለው የሰገራውንም የማስመለሱንም መጠን ቀነሰ። ሲትሬቱስ? በተቅማጥ ባይካርቦኔት ስለሚወጣ ደም ወደ አሲድነት ያዘነብላል፤ ሲትሬት በሰውነት ውስጥ ወደ ባይካርቦኔት ተለውጦ ሚዛኑን ይመልሳል። የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ የሚጀምረው በአሲድና በቤዝ ሚዛን ነው። ተማሪው ያንን ምዕራፍ ሲፈታ ይውላል፤ ሲደክመው ወንድሙን ኦአርኤስ ያጠጣል፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚነግረው ግን የለም። ነገሩ የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው።

«ባዮሎጂን ሸምድድ፣ ኬሚስትሪን ተለማመድ፣ ፊዚክስ ለሐኪም ምን ያደርግለታል?» የሚል ምክርም በየቦታው ይሰማል። ምክሩ መጥፎ ነው። አዲሱ የ12ኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፉ ፊዚክስ በሌሎች ዘርፎች ስላለው ጥቅም ነው፤ ሕክምናም አለበት። ያንን ምዕራፍ ስንቶቻችሁ አነበባችሁት? ቀመር ስለሌለው ይዘለላል። ለመጽሐፉ አዘጋጆችም አንድ ነገር ልበል፤ ምዕራፉ እንዲዘለል ሆኖ ነው የተጻፈው። ጥቅሙን በዐረፍተ ነገር ይዘረዝራል እንጂ አያስሰላም። ለተማሪ ደግሞ የማያስሰላ ፊዚክስ ፊዚክስ አይመስለውም።

ማስላት ይቻል ነበር። የጤና ጣቢያ አልጋ ላይ የተኛ ሰውና ከበላዩ የተሰቀለውን የጉሉኮስ ቦርሳ አስቡ። ቦርሳው ከክንዱ በአንድ ሜትር ከፍ ብሏል እንበል። የፈሳሹ ግፊት ጥግግቱ ሲባዛ በስበት ሲባዛ በከፍታ ነው፦ 1000 በ9.8 በ1፣ 9800 ፓስካል። በደም ግፊት መለኪያ ቋንቋ 73 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ። በክንድ ደም ሥር ያለው ግፊት ከዚያ በብዙ ያንሳል፣ ስለዚህ ፈሳሹ ይወርዳል። ታማሚው ሽንት ቤት ሲሄድ አስታማሚው ቦርሳውን ከክንዱ ዝቅ አድርጎ ቢይዘው ምን ይሆናል? ደም ወደ ቱቦው ይመለሳል። ይህን ያየ ሰው ይደነግጣል፤ ያሰላ ሰው ከፍ ያደርገዋል። ሦስተኛው ምዕራፍ፣ የፈሳሾች መካኒክስ ማለት ይኸው ነው። ይህም በአራት ምርጫ ሊጠየቅ ይችላል፤ ምርጫው በራሱ ጠላት አይደለም። ጥሩ የምርጫ ጥያቄ ሰውን ያሳስባል። መጥፎው «የዚህ ክፍል ስም ማን ይባላል?» ብሎ ያበቃል፣ የባዮሎጂው ወረቀት ደግሞ ወደዚህ ማዘንበል ይወዳል።

አሁን ወደ ካራቆሬ ልመለስ። ስለ ሞገድ ስትማሩ ገመድ ይወዛወዛል፣ ኩሬ ላይ ድንጋይ ይወረወራል። የካራቆሬ ልጅ ግን ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ከእግሩ ሥር አለው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ይህ አካባቢ በመሬት መንቀጥቀጥ ተናወጠ፤ ትልቁ 6.5 ገደማ ይለካ ነበር፣ ሌሎች ተከታታይ መንቀጥቀጦችም ለወራት ቆዩ። ማጀቴ ፈራረሰች፣ ካራቆሬ ላይ ብዙ ቤት ወደቀ፣ ዋናው መንገድ ተሰነጠቀ። በሳይንሱ ዓለም እስከ ዛሬ የካራቆሬ መንቀጥቀጥ እየተባለ ነው የሚጠራው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን የሚመራ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ነበር፤ እሳቸውም ቆይተው በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ ጽፈውታል።

ከካራቆሬ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈጣኑ የፒ ሞገድ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር፣ ዘገምተኛው የኤስ ሞገድ 3.5 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ፣ የመጀመሪያው በ33ኛው ሰከንድ፣ ሁለተኛው በ57ኛው ይደርሳል። ልዩነቱ 24 ሰከንድ። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ይህን 24 ብቻ ይዞ ርቀቱን ወደ ኋላ አስልቶ ያገኘዋል። ይህ ከሕክምና ጋር ምን አገናኘው? አልትራሳውንድም ሞገድ ልኮ የመመለሻውን ጊዜ ከመቁጠር የተለየ ነገር አይሠራም። በሰውነት ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1540 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ማሚቶው በ100 ማይክሮሰከንድ ከተመለሰ ሄዶ መምጫው 15.4 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጥልቀቱ 7.7። የነፍሰ ጡር ሆድና የካራቆሬ ምድር በአንድ ቀመር ይነበባሉ። በዚህ አካባቢ ለሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ይህ ስጦታ ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ግን የለም።

እዚህ ላይ ራሴንም ልቃወም። «ትምህርት ከአካባቢ ይጀምር» የሚለው ነገር ቶሎ ወደ ሽንገላ ይለወጣል። ከሸዋ ሮቢት መስኖ የሚወጣው ሽንኩርት በማዳበሪያ ታጭቆ መንገድ ዳር ሲጫን ያየ ልጅ፣ በማየቱ ብቻ የሽንኩርት ልጣጭ ሴል ምን እንደሚመስል አያውቅም። ማይክሮስኮፕ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ ወይ የለም፣ ወይ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሥጋ በጨው ታሽቶ ቋንጣ ሲሆን ለምን ውኃ እንደሚያወጣ ማንም እናት ታውቃለች፤ በፈተናው ላይ ግን ያ ነገር ኦስሞሲስ ተብሎ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ፣ ከቁጥር ጋር ነው የሚመጣው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል። ያለ ማይክሮስኮፕ የሚሠራም አለ፤ እኩል የተቆረጡ ሁለት የድንች ቁራጮች፣ አንዱ በንጹሕ ውኃ፣ አንዱ ጨው በበዛበት ውኃ ለጥቂት ሰዓት ይቀመጡ። አውጥታችሁ ጎንበስ አድርጓቸው። አንዱ ቀጥ ይላል፣ ሌላው ይልፈሰፈሳል። ከዚያ በኋላ የኦስሞሲስን ትርጉም በእንግሊዝኛ መያዝ የደቂቃ ሥራ ነው።

ሽምደዳ ሌላም ጣጣ አለው፤ እውቀቱ ራሱ ይሄዳል፣ የተሸመደደው ፊደል እዚያው ይቀራል። የወባ ትንኝ ያቆረ ውኃና ረግረግ ትወዳለች ብለን ተምረናል። በ2016 እ.ኤ.አ. ግን ከእስያ የመጣች አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፤ እሷ ከተማ ውስጥ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። የዛሬ ዐሥር ዓመት የነበረን ጥያቄ ከነፊደሉ የያዘ ልጅ ይህን አያውቅም፤ ትንኟ ለምን ውኃ እንደምትፈልግ፣ እጯ እንዴት እንደሚተነፍስ የገባው ግን ዜናውን ሲሰማ ቤቱ ያለውን በርሜል ሄዶ ይከድናል። ቆላ ለሚኖር ሰው ይህ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ያለፉ ፈተናዎችን ጣሏቸው ማለቴ ነው? ኧረ በፍጹም። ጊዜን መቆጣጠር፣ የጥያቄውን አነጋገር መልመድ፣ የትኛው ምዕራፍ እንደሚበዛ ማየት የሚቻለው በእነሱ ነው። የምለው አጠቃቀሙን ነው። አንድ ጥያቄ ሠርታችሁ መልሱ ሲ ከሆነ፣ ኤ፣ ቢ እና ዲ ለምን እንደተሳሳቱ በራሳችሁ አማርኛ አንድ አንድ መስመር ጻፉ። ያዘገያል፤ በቀን የምትሠሩት ከሃምሳ ወደ ዐሥራ አምስት ይወርዳል። ግን ሦስቱ የተሳሳቱ ምርጫዎች ራሳቸው ሦስት ትምህርቶች ናቸው፣ ፈታኙ ተማሪ የት እንደሚስት አስቦ ነው ያስቀመጣቸው። ምክንያቱን መጻፍ ያቃታችሁ ቦታ ላይ የትኛውን ምዕራፍ መክፈት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ከተማሪው በላይ ግን ይህን ሊያደርግ የሚገባው ፈተናውን የሚያዘጋጀው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። ፈተናው ካለፈ በኋላ ጥያቄውን ከነማብራሪያው፣ በየጥያቄው ስንት ተማሪ የትኛውን ምርጫ እንደመረጠ ጨምሮ በይፋ ቢያወጣው፣ የካራቆሬ መምህር ክፍሉ የት ላይ እንደሳተ በአንድ ገጽ ያየዋል። አሁን ያንን ክፍተት የሚሞሉት የቴሌግራም ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ባለፈው ዓመት ተፈትነው ያለፉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፣ ልፋታቸውም አይናቅም። ለእነሱ አንድ ልመና አለኝ፤ በሚቀጥለው ፋይል ላይ ከ«17 ሲ» ቀጥሎ «ምክንያቱም» የምትል አንዲት ቃል ጨምሩና ሁለት መስመር ጻፉ። እምቢ ያላቸው ጥያቄ ካለ ደግሞ እዚህ ይላኩልን፤ ከፊዚክስም፣ ከኬሚስትሪም፣ ከባዮሎጂም ሰው አለን።